«ሙሉ የባላስት ፓኬጅ» ለመግዛት ላሰባችሁ፦ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ

ዌክቦርድ (በጀልባ እየተጎተቱ በቦርድ ላይ ቆሞ ውሃ ላይ መንሸራተት) ለምትወዱና ጀልባ ላላችሁ ሁሉ። ሰሞኑን «ሙሉ የባላስት ፓኬጅ» እየተባለ የሚሸጥ ነገር በዝቷል። ሦስት ትልልቅ የውሃ ከረጢት፣ አንድ ፓምፕ፣ ጥቂት ሜትር የውሃ ጎማ፣ በላዩ ላይ «ምራቂ» ተብሎ የተጨመረ የእርሳስ ክብደት። «ከ900 ኪሎ በላይ! ማዕበሉ እጥፍ ይሆናል!» ይላል ማስታወቂያው። ዕቃውን ዘርግቼ አንድ በአንድ አይቼዋለሁ፣ ከሻጩም ጋር ተከራክሬበታለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ይኸው ዕቃ ነገ በሌላ ስም መቅረቡ አይቀርም፣ ስለዚህ ዕቃውን ብታውቁት ይሻላል።

ለጀማሪ ባጭሩ፦ ባላስት ማለት ጀልባዋ ውሃው ውስጥ ጠለቅ ብላ እንድትሄድ የሚጫንባት ተጨማሪ ክብደት ነው። ጠልቃ ስትሄድ ብዙ ውሃ ትገፋለች፣ ኋላዋ የምትተወው ማዕበልም ከፍ ይላል፣ ቦርድ ላይ ያለው ሰው ጥሩ መንደርደሪያ ያገኛል። ይህ እውነት ነው፤ ከባላስት ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ቁጥር ከሚሸጡት ጋር ነው።

እንግዲህ ከቁጥሩ እንጀምር። ከረጢቱ ላይ «400 ኪሎ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። አንድ ሊትር ንጹህ ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፣ ይህን ደግሞ ማንም ነጋዴ አይለውጠውም። ሜትር አውጥታችሁ ለኩት፦ ርዝመቱ 120 ሳንቲሜትር፣ ወርዱ 50፣ ከፍታው 50። ሲባዛ 300 ሊትር ነው። በባህር ውሃ ብትሞሉትም ጨዋማው ከንጹሁ የሚከብደው በ2.5 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ 308 ኪሎ እንኳ አይደርስም። ያውም ከረጢቱ ማዕዘኑ የቆመ ሳጥን ቢሆን ነው። ውሃ ሲገባበት ጠርዞቹ ይድበለበሉና ከዚያም ያነሰ ይይዛል። የቀረው መቶ ኪሎ የት ሄደ ብዬ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ «ሲሞላ ይለጠጣል» የሚል ነው። ወፍራም ፕላስቲክ በሲሶ እስኪለጠጥ ድረስ ብትሞሉት መጀመሪያ የሚለቀው መጋጠሚያው ነው። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ይኸው ነው።

አንዳንዱ ደግሞ በኪሎም አይዋሽም፣ በመለኪያው ይጫወታል። «750» የሚለው በቀይ ጎልቶ ይጻፋል፣ ፓውንድ የሚለው ቃል ግን በጥቃቅን ፊደል ከታች። 750 ፓውንድ 340 ኪሎ ነው። ዋጋውን ከሌላ ሻጭ ከረጢት ጋር ስታወዳድሩ አሃዱን ካላያችሁ ርካሹ ውድ ይሆንባችኋል።

ፓምፑስ? ሳጥኑ ላይ «በሰዓት 800 ጋሎን» ይላል፣ ወደ 3,000 ሊትር ገደማ ማለት ነው። ቁጥሩ ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚለካው ፓምፑ ውሃ ወደ ላይ ሳያነሳ፣ ረጅም ጎማም ሳይቀጠልበት ነው። ጀልባ ላይ ውሃው የጀልባዋን ጠርዝ አልፎ መውጣት አለበት፣ ጎማው ይጠማዘዛል፣ መገጣጠሚያው ጠባብ ነው፣ ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው ብቻውን ሲሠራ ደግሞ ኃይሉ ይቀንሳል። ወረቀቱን ብናምነው እንኳ ሦስቱን ከረጢት (እያንዳንዱን 300 ሊትር ብለን) በአንድ ፓምፕ ለመሙላት 18 ደቂቃ፣ ለማጉደል ሌላ 18 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ጎማውን ከአንዱ ወደ አንዱ የምታዛውሩበት ጊዜ ሳይቆጠር። የእውነቱ ከዚያ ይረዝማል። ሰው ሁሉ የዋና ልብሱን ለብሶ ቆሞ እየጠበቀ መሆኑን አትርሱ። የጎማ ክንፍ ያለው ዓይነት ፓምፕ ከሆነ ደግሞ ከረጢቱ አልቆ በደረቁ ሲሽከረከር ክንፉ ይቃጠላል፣ ስለዚህ አብርቶ መዘንጋት የለም። እኔ ባየሁት ፓኬጅ ውስጥ ፊውዝ አልነበረም። ሽቦው ከባትሪው በቀጥታ እንዲገናኝ ነው የታሰበው፤ ቤንዚን ባለበት ጀልባ ውስጥ!

እስካሁን ያልኩት በአብዛኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ የሚከተለው ግን የሕይወት ነው።

ብዙ ጀልባዎች ላይ ከመሪው አጠገብ ወይም ከኋላ የተለጠፈች ትንሽ ሰሌዳ አለች፤ ስንት ሰው፣ ስንት ክብደት መጫን እንደሚቻል የምትናገር። አሜሪካ ውስጥ ከ20 ጫማ፣ ማለትም ከ6.1 ሜትር ለሚያጥሩ ባለ አንድ ቀፎ (ባለ አንድ ገላ) የሞተር ጀልባዎች በሕግ የግድ ናት፤ በአውሮፓ ሕግ የሚሸጡ የመዝናኛ ጀልባዎችም የአምራቹ ሰሌዳ ይኖራቸዋል። ሰሌዳዋ 700 ኪሎ ትላለች እንበል። ስድስት ሰው በአማካይ 75 ኪሎ ቢመዝን 450 ሆነ። ቦርዱ፣ ገመዱ፣ የሕይወት አድን ጃኬቱ፣ የመጠጥ ሳጥኑ 50 ኪሎ ይሁን። ለባላስት የተረፈላችሁ 200 ኪሎ ነው። የተሸጠላችሁ ፓኬጅ ግን 900 ይላል። አምራቹ በመመሪያው ውስጥ ለባላስት ለይቶ የሰጠው ፈቃድ ከሌለ በቀር የከረጢቱ ውሃ እንደማንኛውም ጭነት ይቆጠራል። ይህን ለሻጩ ስነግረው «ሰሌዳው ለጥንቃቄ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚጻፈው፣ ሁሉም ያልፈዋል» አለኝ። እንዲህ የሚል ሰው ጀልባዋ ስትሰምጥ አብሮ እንደማይኖር የታወቀ ነው።

ከአቅም በላይ የተጫነች ጀልባ ቀጥ ብላ ስትሄድ ምንም አትመስልም። ችግሩ የሚመጣው ጋላቢው ወድቆ እሱን ለማንሳት ዞራችሁ ስትመለሱ ነው። ፍጥነት ቀንሳችኋል፣ አፍንጫዋ ወደ ውሃው ተጠግቷል፣ ከፊት ለፊት ደግሞ ያ በገንዘባችሁ ያሳደጋችሁት ማዕበል ይመጣል። ከፊት መቀመጫ ላይ የተሞላ ከረጢትና ሁለት ሰው ካለ ውሃው ከላይ ይገባል፤ አንድ ጊዜ ከገባ ጀልባዋን የበለጠ ያከብድና ሁለተኛውን ማዕበል የሚመልስ ጠርዝ አይኖራትም።

ግማሽ ድረስ የተሞላ ከረጢትም ሌላ ጣጣ ነው። ውስጡ ያለው ውሃ በመታጠፊያ ላይ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይሮጣል፣ ጀልባዋንም ይዞ ይሄዳል። ወይ ሙሉት፣ ወይ ባዶ አድርጉት።

አሁን ወደ «ምራቂው» እንምጣ። «ውሃ መሙላት ከሰለቻችሁ እርሳስ ወይም የብረት ፍሬ አለላችሁ፣ ቦታ አይዝም» ይላሉ። ከድጡ ወደ ማጡ! ቦታ አለመያዙ እውነት ነው፤ አንድ ሊትር እርሳስ ከ11 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ 20 ኪሎው ከሁለት ሊትር ያነሰ ቦታ ይበቃዋል። ነገር ግን ጀልባዋ ውሃ ቢገባባት ልዩነቱ ምን እንደሆነ አስቡት። ከረጢት ውስጥ ያለ ውሃ በውሃ ውስጥ ሲጠልቅ ክብደት የለውም፣ ወደ ታች አይጎትትም። እርሳስ ግን ውሃ ውስጥ ከክብደቱ የሚቀንሰው 9 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ብረትም ከ13 በመቶ አይበልጥም። በጀልባዋ ቀፎ ውስጥ የተሞላው ተንሳፋፊ ፎም ካለ፣ መጠኑ የተሰላው ለጀልባዋ ከነሞተሯና ለተፈቀደላት ጭነት እንጂ እናንተ ላስገባችሁት ሦስት መቶ ኪሎ እርሳስ አይደለም። በዚህ ላይ እርሳስ መርዝ ነው፤ እርሳሱ ያለበት ከረጢት ሲቀደድ ብናኙ ልጆች በባዶ እግራቸው የሚረግጡት ወለል ላይ ይቀራል። ጠብቃችሁ ካላሰራችሁት በድንገተኛ መታጠፊያ ላይ ተንሸራቶ ጎን ይመታል። ውሃን በፓምፕ አውጥታችሁ ትሄዳላችሁ፤ እርሳስን ግን በጉልበት አንድ በአንድ ካላወጣችሁት ተሳቢው ላይም አብሯችሁ ይወጣል፣ የተሳቢው ጎማና አክስል ደግሞ ለዚያ አልተሠሩም። በነጻም ቢሰጧችሁ መልሱት።

ከአሮጌ ከረጢትም ተጠንቀቁ። «ጥቂት ጊዜ ብቻ የሠራ» የሚባለው ከየትኛው ሐይቅ እንደመጣ አይነገራችሁም፤ ከሥሩ ደግሞ ሁልጊዜ የተወሰነ ውሃ አይጠፋም። ዜብራ መስል የሚባለው ወራሪ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት እጩ በዓይን አይታይም፤ በሰሜን አሜሪካ በ1988 እ.ኤ.አ. በሴንት ክሌር ሐይቅ የተገኘውም በትልልቅ መርከቦች የባላስት ውሃ ተጭኖ እንደመጣ ነው የሚታመነው። ዘመዱ ኳጋ መስል በ2007 እ.ኤ.አ. በምዕራብ አሜሪካ ባለው ሚድ ሐይቅ ውስጥ ታይቷል፣ ከዚያ ወዲህ ጀልባን አጽድቶ፣ አንጠፍጥፎና አድርቆ ማንቀሳቀስ በብዙ ቦታ ግዴታ ሆኗል። የሌላ ሰው ከረጢት ገዝታችሁ በፍተሻ ላይ ቅጣቱ የእናንተ እንዳይሆን።

ሻጩ የማይነግራችሁ ሌላም ነገር አለ፦ አንዳንዴ ጨርሶ ባላስት ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ዌክቦርድ የሚጋለበው በአብዛኛው በሰዓት ከ30 እስከ 37 ኪሎሜትር ባለው ፍጥነት ነው፤ ማዕበሉ ተበጣጥሶ አረፋ ከሆነ መጀመሪያ ፍጥነቱንና የገመዱን ርዝመት ቀይሩ። ቀጥሎ ሰዎችን አዛውሩ። ክብደት ወደ ኋላ ሲበዛ ማዕበሉ ገደላማና አጭር ይሆናል፤ ጥቂቱ ወደ ፊት ሲሄድ ረዘም ብሎ ይለሰልሳል። ሁለት ጓደኛ ከኋላ ወደ መሃል ቢመጣ 150 ኪሎ አዛወራችሁ ማለት ነው፣ ያለ ፓምፕና ያለ ጎማ። ከባድ ጭነት ሞተሩንም ያፍነዋል፤ ሙሉ ጋዝ ሰጥታችሁ በደቂቃ እንዲሽከረከር ወደ ተመደበለት ዙር ካልደረሰ ፕሮፔለር (ጀልባዋን የሚገፋውን ተሽከርካሪ ክንፍ) መለወጥ ሊመጣ ነው፣ ያ ወጪ በፓኬጁ ዋጋ ውስጥ የለም።

ይህን ሁሉ አይታችሁ፣ ከሰሌዳው ቁጥር ቀንሳችሁ፣ የሚበቃችሁን አንድ ከረጢት ለመግዛት ከወሰናችሁ መልካም። ብቻ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት «ውሃ የነካ ዕቃ አይመለስም» የሚል አንቀጽ ካለ አሰርዙት፣ ይዘቱንም በሊትር ደረሰኙ ላይ አጽፉ። ከዚያ ጀልባው ላይ ሳትጭኑት መሬት ላይ ሞክሩት። መጀመሪያ ፓምፑን በ20 ሊትር ባልዲ ፈትኑ፣ ጎማውን ጀልባው ላይ በሚሆነው ከፍታ ያህል አንስታችሁ፤ ሳጥኑ እንደሚለው ከሆነ በ24 ሰከንድ መሙላት አለበት፣ 40 ከፈጀ በሰዓት 1,800 ሊትር ብቻ ነው የሚሰጠው። ከዚያ ከረጢቱን በባልዲ እየቆጠራችሁ ሙሉት፣ ስንት ሊትር እንደያዘ ጻፉ፣ ሌሊቱን እንዲሁ ተዉት። ጠዋት ቫልቩ ዙሪያ መሬቱ ርሶ ካገኛችሁት ደረሰኙን ይዛችሁ በዚያው ቀን ተመለሱ።