አስፋልቷና ኮረኮንቿ፦ ከሁለት የሪሞት መኪኖች ጋር 8 ወር

ኅዳር ላይ ሁለት የሪሞት መኪና ይዤ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገባሁ። ሁለቱም በባትሪ የሚሠሩ፣ የእውነተኛ መኪናን አንድ አሥረኛ የሚያክሉ ናቸው። አንዷ የአስፋልት ናት፤ አራቱም ጎማዋ ይነዳል፣ ሆዷ ከመሬት የሚርቀው በጣት ውፍረት ነው። ሌላዋ የኮረኮንች ፒካፕ ናት፤ በኋላ ጎማ ትነዳለች፣ አሞርዛተሯ ረዥም፣ ጎማዋ ጥርሳም ነው። አሁን ሐምሌ ነው። "የትኛዋን ልግዛ?" ለሚለኝ ሰው መልስ አለኝ።

ከአስፋልቷ ልጀምር፤ የምወደው እሷን ነውና። እሁድ ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት ከብሎካችን ፊት ያለውን ፓርኪንግ ጥግ ጥጉ ሳይቀር እንጠርጋለን። አሸዋ የሞላንባቸው ሃይላንዶች ኩርባ ይሆኑልናል። ከጎረቤቴ ጋር የምንወዳደረው በትልልቅ ውድድሮች እንደተለመደው ለ5 ደቂቃ ነው። አጭር ይመስላል፤ ሳይሳሳቱ መጨረስ ግን ከባድ ነው። ኩርባው ሳይደርስ ፍጥነት መቀነስ፣ ሃይላንዱን ታክኮ መታጠፍ፣ መሪው ሲቃና የሪሞቱን ቃታ ቀስ አድርጎ መሳብ። ትንሽ ከቸኮልኩ ኋላዋ ያመልጠኛል። መንዳት ያስተማረችኝ እሷ ናት።

ችግሩ ሠፈራችን ነው። ከፓርኪንጉ ወጣ ሲሉ ኮብልስቶን፣ ከዚያ ወዲያ ኮረኮንች። ኮብልስቶን ላይ አንዴ ሞክሬያት ሆዷ ተፋፍቆ ተመለሰች። በበጋ ደግሞ ጎማዋ አቧራ ሲለብስ መሬት መያዝ ያቅተዋል፤ በየዙሩ መሀል በእርጥብ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። ጥር ላይ ምስር የምታክል ጠጠር በሞተሩ ፒኞን (ሞተሩ ጫፍ ላይ ባለው ትንሽ ጥርስ) እና በትልቁ የፕላስቲክ ጥርስ መሀል ገባች። ቆሎ የሚቆረጥም ሰው ያለ መሰለኝ። ሳቆማት ሦስት ጥርስ ረግፏል። መለዋወጫ እዚህ በቀላሉ አይገኝም፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው እስኪገኝ 6 ሳምንት ቆመች።

እነዚያን ሳምንታት ያስረሳችኝ የኮረኮንቿ ናት። ከግንባታው የተረፈ የአፈር ቁልል አለ፤ እሱ ላይ ትዘላለች። አየር ላይ ሳለች አፍንጫዋ ካዘቀዘቀ ቃታውን እስባለሁ፣ ሽቅብ ካለ ፍሬን እይዛለሁ። የጎማዎቹ ዙረት ያስተካክላታል። ይህን ያወቅኩ ሰሞን ሌላ ነገር አላሰብኩም። የብሎኩ ልጆችም ይሰበሰባሉ።

"ጋሼ፣ እቺ ቦዩንም ትዘላለች?" አለኝ አንዱ።

ዘለለች። ሁለተኛው ላይ ግን የፊት ጎማውን ከሻሲው ጋር የሚያያዘው የፕላስቲክ ክንድ ተሰበረ። ትርፍ ስለነበረኝ በአንድ ካቻቢቴ ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

ክረምቱ ፈትኗታል። መሬታችን መረሬ ነው፣ ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። አንድ ቀን ሞተሩን ብነካው ጣቴን ማቆየት አልቻልኩም፤ ከዚያ ወዲህ በየ10 ደቂቃው አሳርፋታለሁ። ኤሌክትሮኒክሷ ውሃ አያስገባም፤ ኩሽኔታዎቹ ግን ይዝጋሉ። ስለዚህ በጥርስ ብሩሽ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ዘይት ጠብ ማድረግ ግድ ነው። አንዳንዴ ጽዳቱ ከመንዳቱ ይረዝማል።

በነዳጅ የሚሠራውን የሚመክሩ አሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የነዳጅ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል። የባትሪው ጉልበት በዚህ አይቀንስም። የእኔ ሊቲየም ባትሪ ሁለት ሴል ነው፣ ሲሞላ 8.4 ቮልት። መብራት ይጠፋል ብሎ ሞልቶ ማስቀመጥ ያጓጓል፤ ግን ሞልቶ ብዙ ከቆየ ይበላሻል። የማልነዳ ከሆነ እያንዳንዱን ሴል 3.8 ቮልት ላይ አደርሳለሁ። ቻርጅ የማደርገው ሸክላ ድስት ውስጥ ነው፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ። ሊቲየም እሳት ከያዘ ቀልድ የለም።

ከተማ ዳር ለሚኖርና አንድ ብቻ ለሚገዛ ሰው የኮረኮንቿን እላለሁ። ከደጅ ጀምሮ ትሄዳለች። የአስፋልቷ የተጠረገ መሬትና አብሮ የሚጠርግ ጓደኛ ትፈልጋለች። እኔ ጓደኛውን አግኝቻለሁ፤ ዝናቡ መስከረም ላይ ሲያባራ የምንጠቀምበት ሁለተኛ መጥረጊያም ትናንት ገዝቻለሁ።