ለማያሚ ቢች አስጎብኚያችን፣ ከእኔና ከእማዬ

እናቴን ማያሚ ቢች ይዤያት ስሄድ ያሰብኩት ባሕሩን ብቻ ነበር። እማዬ ግን ባሕር ብዙም አልመሰጣትም። "አየነው፤ ውሃ ነው፤ አሁንስ?" አለችኝ ገና በመጀመሪያው ቀን። በማግስቱ የአርት ዲኮ ሰፈሩን (አርት ዲኮ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበረ የሕንፃ አሠራር ስልት ነው) የእግር ጉብኝት የያዝኩት መላ ሲጠፋኝ ነው። ይህን የምጽፈው የዚያን ቀን ያስጎበኙንን ሴትዮ ለማመስገን፣ ወደዚያ ለምትሄዱም ለመጠቆም ነው።

ጉብኝቱን የሚያዘጋጀው ማያሚ ዲዛይን ፕሪዘርቬሽን ሊግ የሚባል፣ የቆዩ ሕንፃዎች እንዳይፈርሱ የሚሠራ ማኅበር ነው። መነሻው ኦሽን ድራይቭ ላይ፣ አሥረኛው መንገድ ጋ ያለው የአርት ዲኮ መቀበያ ማዕከል ነው። ሥጋቴ አንድ ነበር፤ እማዬ እንግሊዝኛ አትሰማም። "እየተከተልኩ በሹክሹክታ እተረጉምላታለሁ፣ እንዳልረብሽ" አልኳቸው አስጎብኚዋን። "ሹክሹክታ ለምን? እኔ እቆምልሻለሁ" አሉኝ። እውነትም ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግረው ቆም ይላሉ፣ ያዩኛል፣ ስጨርስ ይቀጥላሉ። ስንቱ አስጎብኚ የሸመደደውን አንድ ጊዜ ከለቀቀ ማን ያቆመዋል! ትንሽ ቆይቶ አብረውን የነበሩት ሰዎች ሁሉ የእማዬን ፊት እያዩ መጠበቅ ጀመሩ።

ሴትዮዋ ዓመተ ምሕረት በመደርደር አልጀመሩም። ከአንድ ሆቴል ፊት አቁመውን "ቁጠሩ" አሉ። የሕንፃው ፊት ቁልቁል በሦስት ተከፍሏል። ፎቁ ሦስት ነው። ጌጡም ሦስት መስመር ነው። የሰፈሩ አርክቴክቶች ሦስትን ይወዱ ነበር አሉ። ይህን ስተረጉምላት እማዬ "ሥላሴ ነዋ!" አለች። መልሼ ለእሳቸው ተረጎምኩ። እስኪበቃቸው ሳቁ፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ነገር ባዩ ቁጥር ወደ እማዬ ዞረው "ሥላሴ" ይላሉ፣ በዚያው አነጋገራቸው።

ቀጥሎ ቅንድቡ መጣ። ከየመስኮቱ በላይ እንደ መደርደሪያ ወጣ ያለ ጠባብ የሲሚንቶ ጥላ አለ፤ ስሙ በቀጥታ "ቅንድብ" ነው። አየር ማቀዝቀዣ እንደልብ ባልነበረበት ዘመን ፀሐይን ከመስኮቱ የሚከለክለው እሱ ነበር። ክብ የመርከብ መስኮት፣ የመርከብ የሚመስል የብረት መደገፊያ፣ ጥጉ የተጠማዘዘ ግድግዳ፣ ሁሉም የዚያን ጊዜ ሰው በመርከብና በማሽን ፍጥነት ስለተማረከ ነው። ኮሊንስ ጎዳና ላይ ያለው፣ አርክቴክቱ ሄንሪ ሆሃውዘር በ1938 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) የሠራው ኤሴክስ ሃውስ ጥጉ ላይ ቆማችሁ ስታዩት የሚነሳ መርከብ ነው የሚመስለው። ከአንዱ ሆቴል ደጃፍ ደግሞ እማዬ ጎንበስ ብላ ወለሉን በእጇ ነካችው። ቴራዞ ነው፤ የእብነ በረድ ስባሪ ከሲሚንቶ ጋር ተቦክቶ የተወለወለ። "ይሄማ የናዝሬት ቤታችን ወለል ነው" አለች።

ለምን እንዲህ ትንንሽና ተመሳሳይ ሆኑ? ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። በ1926 ከባድ አውሎ ነፋስ ከተማዋን መታ። ሦስት ዓመት ቆይቶ የአሜሪካ ኢኮኖሚ ወደቀ። በ1930ዎቹ እንደገና ሲገነባ ገንዘቡ ውስን ነው፤ ስለዚህ ሆቴሎቹ ትንሽ ሆኑ፣ ጌጡም ከውድ ድንጋይ ይልቅ በአብዛኛው በሲሚንቶና በልስን ተሠራ። ያ ሁሉ ሽቅርቅርነት የድህነት ብልሃት ነው ማለት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ሆቴሎቹ የወታደር ማደሪያ ሆነው አሸዋው ላይ ሰልፍ ይሠለጥን ነበር።

የበለጠ ያከበርኳቸው ግን መጥፎውንም ስላልዘለሉ ነው። በዚያ ዘመን አይሁዶችን የማይቀበሉ ሆቴሎች ነበሩ። ጥቁር ሠራተኞች ደግሞ መታወቂያ መያዝ ነበረባቸው፤ አልጋ ያነጠፉበትና ምግብ ያበሰሉበት ሰፈር ሲመሽ ማደር አይችሉም። እማዬ ይህን ስነግራት ብዙ ቆየች። ከዚያ "ታዲያ ግድግዳውን የለሰነው ማነው?" ብላ ጠየቀች። ሴትዮዋ ወዲያው አልመለሱም። "ጥሩ ጥያቄ ነው" ብለው ዝም አሉ። ዝምታቸውን ወደድኩላቸው፤ ሌላ ሰው ቢሆን የሆነ ነገር ይቀባጥር ነበር።

ሰፈሩ እስከዛሬ የቆመው በአንዲት ሴት ግትርነት ነው፤ ባርባራ ቤር ካፒትማን። ጉብኝቱን የሚያዘጋጀውን ማኅበር በ1976 የመሠረቱት እሳቸው ናቸው። ያኔ ሆቴሎቹ አርጅተው የጡረተኞች መኖሪያ ሆነው ነበር፣ የሚያፈርሳቸውም ተሰልፎ ይጠብቃል። በ1979 ሰፈሩ በአገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገባ። መዝገብ ግን ብቻውን ግሬደር አያቆምም፤ ሴኔተር የሚባለው ሆቴል በ1988 ያ ሁሉ ተቃውሞ እያለ ፈረሰ። ካፒትማን በ1990 አረፉ። ዛሬ ፎቶ የምንነሳበት ሮዝ፣ ሎሚና ሰማያዊ ቀለምም የመጀመሪያው አይደለም፤ ሕንፃዎቹ ሲሠሩ ብዙዎቹ ነጭ ነበሩ። ቀለሙ በ1980ዎቹ ሊዮናርድ ሆሮዊትዝ የሚባል ዲዛይነር ያመጣው ነው። እማዬ ነጩን ትመርጣለች። እኔ አልመርጥም።

ስለራሴ ሞኝነትም ልናገር። ለፎቶ ብዬ አዲስ ሰንደል አድርጌ ሄጄ ነበር። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ተረከዜ ተላጠ። ሴትዮዋ ምንም ሳይሉ ከቦርሳቸው ፕላስተር አወጡ፤ አንድ ብቻ ሳይሆን አራት። "በየሳምንቱ አንድ ሰው አላጣም" አሉኝ።

አንድ ቅሬታ ካለኝ በጎብኚው ላይ ነው። ጣሊያናዊው የልብስ ዲዛይነር ቬርሳቼ የኖረበትና በ1997 ደጃፉ ላይ የተገደለበት ቤት ጋ ስንደርስ ሰው ሁሉ ስልኩን አወጣ፤ ከዚያ ማን ይስማ። ቤቱ እኮ በ1930 የተሠራ የሜዲትራኒያን አሠራር ነው፣ አርት ዲኮ እንኳን አይደለም።

ለመሄድ ካሰባችሁ የጠዋቱን ያዙ፤ በፈረንጆቹ በጋ (የእኛ ክረምት ሲሆን) ፀሐዩ አይቻልም። ውሃና ባርኔጣ ይኑራችሁ፣ ያረጀ ጫማ አድርጉ። መንገዱ ሜዳ ነው፤ የእማዬ ጉልበት ሁለት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ችሎታል፣ በየጥላው መቆም ስለነበረ። አስተርጓሚ ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሩ በፊት ለአስጎብኚው ንገሩ፣ እንደኔ በፍርሃት አትንሾካሾኩ።

ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ሳላስፈቅዳቸው አይሆንም። ነጭ ፀጉር ያላቸው፣ ትልቅ ቦርሳ የሚይዙ ሴትዮ ከደረሷችሁ ግን አንድ ሕንፃ አሳይታችሁ "ሥላሴ" በሏቸው። ከማን እንደተላከ ያውቃሉ።