ከበለጠ ጫካ መርተው ላወጡን ንብ አርቢ

ሰላም የጅማ ልጆች። በተለይ ሞተር ያላችሁና ቅዳሜ ሲደርስ ከተማ መቀመጥ የማይሆንላችሁ። ምስጋና አለብኝ፣ ልክፈል።

ያለፈው ቅዳሜ ሦስት ሆነን በሦስት ሞተር ወጣን። ሰቃን አለፍን፣ የቦንጋን መንገድ ይዘን በለጠ ጫካ ደረስን። አስፋልቱን ለቀን ወደ ውስጥ ስንገባ ከቀኑ 8 ሰዓት ነበር። ሐሳባችን ትንሽ ዞር ዞር ብለን፣ ጉሬዛ አይተን፣ ሸቤ ላይ ሻይ ጠጥተን ለመመለስ ነበር። አንድ የምናውቀው ሰው «ጫካውን ሰንጥቆ የሚወጣ መንገድ አለ፣ አይጠፋችሁም» ብሎናል። ጠፋን።

መንገድ አጥተን ግን አይደለም። መንገዱ በዝቶብን ነው። አንዱን ይዘን ስንሄድ ትልቅ ዛፍ ሥር ያልቃል፤ ቀና ስንል ቅርንጫፉ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል። ተመልሰን ሌላውን ስንይዝ ደግሞ ቡና መሀል ወስዶ ይጥለናል። ወሩ ህዳር ነው፣ ለቀማ ነበረ፣ በዚያ ሰዓት ግን ለቃሚዎቹ ወደ ቤታቸው ገብተዋል። ስልኩ ላይ ያለው ካርታ የሚያሳየው አረንጓዴ ነገርና መሀሉ ላይ ያለችውን የእኛን ነጥብ ብቻ ነው። ኔትወርክ የለም። አንደኛው ጓደኛችን እርጥብ ቅጠል ላይ ፍሬን ይዞ ወደቀና ጉልበቱን ተላጠ። 12 ሰዓት ሳይሞላ ጫካው ውስጥ ጨለመ። ውጪ ገና ብርሃን ሊሆን ይችላል፣ ከዛፉ ሥር ግን ምሽት ነው።

እኔ በበኩሌ «ወንዙን ተከትለን ወደ ታች እንውረድ» የሚል ምርጥ ሐሳብ አመጣሁ። ሁለት መቶ ሜትር ያህል ወርደናል መሰለኝ፣ ከላይ የሰው ድምፅ መጣ።

«ሞተሩን አጥፉት!»

አጠፋን። ሞተር ሲጠፋ መብራቱም አብሮ ይጠፋል፣ ድቅድቅ አለ። ከዚያ በዳገቱ የአንድ ባትሪ ብርሃን ቀስ እያለ ወረደ። ሃምሳዎቹን ያለፉ ሰውዬ ናቸው፣ ጋቢ ደርበዋል፣ እጃቸው ላይ ገጀራ አለ። (ገጀራውን ሳይ የተሰማኝን አልነግራችሁም።) መጀመሪያ ያሉን «ሂን ሶዳቲና፣ አትፍሩ» ነው። ቀጥለው የተጎዳ ሰው መኖሩን ጠየቁ። የጓደኛችንን ጉልበት በውሃ አጥበው ከትንሽ ዕቃ ማር አውጥተው ቀቡት።

እንዴት እንዳገኙን ስንጠይቃቸው ሳቁ። ቤታቸው ቁጭ ብለው ድምፃችንን ሲሰሙ ነበር። «ሞተሩ ሦስት ጊዜ ወረደ፣ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። መንገድ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይነዳም» አሉን። እኔ ያመጣሁት የወንዝ ሐሳብ ደግሞ ወደ ጎጀብ ወንዝ ነበር የሚወስደን። «ውሃው ቤት የለውም» አሉኝና ዝም አልኩ።

ከሁሉም ያልረሳሁት መንታ መንገድ ላይ ስንደርስ ያደረጉት ነው። ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው። እሳቸው ግን አጎንብሰው ባትሪውን መሬት ላይ አበሩ። ፋንድያ አገኙ፣ በእንጨት ሰበር አደረጉት፣ ውስጡ ገና እርጥብ ነው። «የዛሬ ነው። ፈረስ የጫነ ሰው ወደ ቤቱ ወይ ወደ ገበያ ነው የሚሄደው፣ ቀፎ ሊሰቅል በፈረስ አይመጣም» አሉ። ያኔ ገባኝ። ስንከተለው የዋልነው በሙሉ የንብ አርቢና የቡና ለቃሚ የእግር መንገድ ነበር። ሥራው ካለበት ቦታ ሲደርስ ያልቃል፣ ከዚያ በላይ የሚሄድበት ምክንያት የለውም።

ሞተሮቹን እየገፋን፣ እሳቸው ከፊት፣ አስፋልቱ ላይ ስንወጣ 3 ሰዓት ሊሞላ ነበር። ብር ስንሰጣቸው ተቆጡ። ማር ልንገዛ ስንል ግን ፊታቸው ፈካ፣ በማግስቱ ጠዋት ሸቤ ድረስ አመጡልን። ሰፈፉ ያልተለየ ነው፣ ትንሽ ጭስ ጭስ ይላል። እኔ እንደዚያ ነው የምወደው።

አሁን ጥቆማዬ። በለጠ መግባት የምትፈልጉ ካላችሁ እሳቸውን ይዛችሁ ግቡ። ሰው በእግር ይዞ መግባት የጎን ሥራቸው ነው፤ ዋጋውን እዚያው ተነጋገሩ፣ አደራ እንዳትከራከሯቸው። ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ አልጽፍም። ሸቤ ወርዳችሁ የዋቡብ ሰዎችን ጠይቁ። ዋቡብ ጫካውን የሚጠብቀው የመንደሩ ማኅበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በጃፓኖቹ የልማት ድርጅት በጃይካ ድጋፍ ከተጀመረው የበለጠ ጌራ የደን ፕሮጀክት የመጣ ነው። ሰውየውም አባል ናቸው። «ሞተረኞቹን ያወጡት ንብ አርቢ» ካላችሁ ይበቃል፣ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሸቤ ደርሷል።

እንከን ልንገራችሁ ካላችሁ፣ ሲሄዱ ይፈጥናሉ። ጫካ ውስጥ ወሬ አይወዱም፤ እያወራችሁ ከሄዳችሁ ዞር ብለው ያዩአችኋል፣ ይበቃችኋል። ስልካቸው ብዙ ጊዜ ዝግ ነው። ስለዚህ ለመድረስ አንድ ቀን ቀድማችሁ ሰው ላኩባቸው።

ለእሳቸው ይህን የሚያነብላቸው ልጅ ካለ፦ ጋሼ፣ ገለቶማ። የጓደኛዬ ጉልበት ድኗል። ባትሪዎ እኔ ጋ ነው ያለው፣ በጨለማ ለማደር ወደ ሸቤ ስንወርድ ይሁናችሁ ብለው የሰጡን። አዲስ ድንጋይ ገዝቼለታለሁ። የፊታችን እሁድ ይዤ እመጣለሁ። አብሮኝ የሚሄድ ካለ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እነሳለሁ፣ ታንከራችሁን ሞልታችሁ ኑ። ሞተሩን ሸቤ አቁመን በእግር ነው የምንገባው።