የወይን ዘር ካፕሱል፦ ተራው እና "ናኖ" የሚባለው

ሁለቱንም ስለወሰድኳቸው ልጻፍላችሁ፣ አንዱ እዚህ አሜሪካ ፋርማሲ ውስጥ የሚሸጠው ተራው ነው፣ ሌላው ኦንላይን ያዘዝኩት ብልቃጡ ላይ በትልቁ "ናኖ ፔፕታይድ" የሚል (ናኖ ማለት እጅግ ደቃቅ፣ ፔፕታይድ ደግሞ ትንሽ የፕሮቲን ቁራጭ ማለት ነው)፣ ዋጋው የተራው ሦስት እጥፍ።

ነገሩ የሚሠራው ከወይን ጠጅ ፋብሪካ ተረፈ ምርት ነው፣ ወይኑ ተጨምቆ ልጣጩና ዘሩ ሲቀር ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ይሆናል። ዘሩ ውስጥ ፕሮአንቶሲያኒዲን የሚባል ጠንካራ አንቲኦክሲደንት (ሴልን ከጉዳት የሚከላከል ነገር) አለ፣ ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዣክ ማስክሊዬ ቦርዶ ላይ ዕድሜውን የሠራበት ማለት ነው። ችግሩ ሞለኪውሉ ትልልቅ ስለሆነ አብዛኛው ደም ውስጥ ሳይገባ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፣ ስለዚህ ተመራማሪዎች በሊፖሶም (ደቃቅ የስብ ከረጢት) ወይ በካይቶሳን (ከሽሪምፕ ቅርፊት የሚሠራ ነገር) ናኖፓርቲክል፣ ማለትም እጅግ ደቃቅ ቅንጣት፣ ጠቅልለው ለማስገባት እየሞከሩ ነው፣ ይሄ እውነተኛ ሳይንስ ነው በጣምም ደስ ይለኛል፣ ግን አብዛኛው ገና ላብራቶሪና አይጥ ላይ ነው ያለው።

ፔፕታይድ ደግሞ ይብሳል፣ የጨጓራ አሲድና ኢንዛይም ስለሚቆራርጡት ነው ኢንሱሊን እስከዛሬ በክኒን ሳይሆን በአብዛኛው በመርፌ የሚወሰደው። በ2019 የተፈቀደው የስኳር በሽታ መድኃኒት፣ የሴማግሉታይድ (ይሄም ፔፕታይድ ነው) ክኒን ራይቤልሰስ እንኳ ያ ሁሉ ጥናት ተደርጎበት፣ ስናክ የሚባል አስገቢ ኬሚካል ተጨምሮበት፣ በባዶ ሆድ በትንሽ ውሃ ተውጦ፣ ደም ውስጥ የሚገባው 1 ፐርሰንት ገደማ ነው። እንግዲህ ይሄኛው ሌብሉ ላይ የፔፕታይዱ ስም የለም፣ የናኖፓርቲክሉ መጠን የለም፣ ጻፍኩላቸው መልሳቸው ማስታወቂያ ብቻ ነበር። በዚህ ብር አትግዙት!

ተራው ግን 95 ፐርሰንት ፕሮአንቶሲያኒዲን ብሎ ሚሊግራሙን በግልጽ ጽፏል፣ ሆድም አልረበሸኝም። ግፊቴ ላይ የተለየ ለውጥ አላየሁም፣ ጥናቶቹም ቢሆኑ ስለ ትንሽ መቀነስ ነው የሚያወሩት፣ ስለዚህ የግፊት መድኃኒት አቋርጦ ይሄን መዋጥ የሚባል ነገር አይታሰብም። ስትገዙ ዩኤስፒ ቬሪፋይድ (ነጻ ድርጅት ይዘቱን መርምሮ ያረጋገጠው) የሚል ማኅተም ያለበት ካገኛችሁ ምረጡ፣ ምክንያቱም ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ) ሰፕሊመንትን ገበያ ሳይወጣ በፊት አያጸድቅም።

ሀገር ቤት ለእናት ለአባት በሻንጣ የምትልኩ ደግሞ እባካችሁ፣ ዋርፋሪን ወይ ሌላ የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ፣ ወይ ኦፕሬሽን ቀጠሮ ካላቸው፣ ሐኪማቸውን ሳያማክሩ እንዳይነኩት ደውላችሁ ንገሯቸው፣ መድማት ሊያባብስ ይችላል።