ስምንት ወር የተመላለስኩበት የአእምሮ ህክምና ክፍል

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ደርሼ 17ኛ ነበርኩ። ካርድ ክፍሉ የሚከፈተው 2፡30 ነው። ከወረፋው የጀመርኩት፣ ሳያውቅ ሄዶ የሚመለስ ሰው ስላለ ነው። እኔም መጀመሪያ ቀን 3 ሰዓት ላይ ሄጄ ሞልቷል ተብዬ ተመልሻለሁ። እንደገና ለመነሳት 11 ቀን ፈጀብኝ። እንደኔ በድባቴ (ዲፕሬሽን) የታመመ ሰው "ነገ ተመለስ" ሲባል በማግስቱ የሚመለስበት አቅም የለውም።

አዲስ አበባ ያለ የመንግሥት ሆስፒታል ነው። የምወቅሰው ነገር ስላለ ስሙን አልጽፍም። አማኑኤል ግን አይደለም። ብዙ ሰው የአእምሮ ህክምና ሲባል አማኑኤል ብቻ ይመስለዋል፤ ሰፈር ውስጥ ስሙ ስድብ ስለሆነም ሰው ታሞ ቤቱ ይቀመጣል። ዛሬ ሌሎች ሆስፒታሎችም ክፍሉ አላቸው። እኔ የታከምኩት ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ስኳርና ደም ግፊት ከሚታይበት ኮሪደር ጫፍ ነው።

ባልትና ቤት አለኝ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ አዘጋጃለሁ። ባለፈው ዓመት ከጥቅምት ጀምሮ ሥራው ከእጄ ወጣ። አንድ ጠዋት ዛላ በርበሬ ፊቴ ተዘርግቶ ቁጭ ብያለሁ። አንዷን ዛላ አንስቻለሁ። ቀንጥሼ ወደ ቅርጫቱ መጣል ብቻ ነው። አብራኝ የምትሠራው ልጅ "እትዬ፣ ምሳ ደርሷል" ስትለኝ ያቺው ዛላ እጄ ላይ ነበረች።

ለጠየቀኝ ሁሉ "ደብሮኝ ነው" እላለሁ። ይሄ ቃላችን ለሁሉም ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ደበረኝ፣ ቀጠሮ ሲሰረዝ ደበረኝ። ስለዚህ የሰማኝ ሁሉ "ወጣ በይ፣ ተዝናኚ" ይለኛል። እኔ ደግሞ ሌሊት 9 ሰዓት ነቅቼ ጣሪያ አያለሁ። ሆዴን ያቃጥለኛል፣ ምግብ አይወርድልኝም። ሁለት የግል ክሊኒክ ሄጄ ጨጓራ ነው ተብዬ ሦስት ጊዜ ኦሜፕራዞል ታዞልኛል። እንቅልፍሽ እንዴት ነው ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።

እዚህ ጠየቁኝ። ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት። 40 ደቂቃ ያህል አብራኝ ተቀመጠች። ዘጠኝ ጥያቄ ያለው ወረቀት አወጣች። ባለፉት 2 ሳምንታት ነገሮችን የመሥራት ፍላጎት አጥተዋል? እንቅልፍስ? ድካም? የምግብ ፍላጎት? ራስን የማይረባ አድርጎ ማየት? መልሱ ከ0 እስከ 3 ይሞላል። ጠቅላላው 27 ነው፤ የእኔ 19 መጣ። "ወረቀቱ ብቻውን አይወስንም" አለችኝና ሌላ መጠየቅ ቀጠለች። እንቅልፍ ሳልተኛ ኃይል የተትረፈረፈልኝ፣ ሐሳቤ የሚሮጥበት ጊዜ ነበረ ወይ? እሱ ካለ ህመሙ ሌላ፣ መድኃኒቱም ሌላ ነው። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ምርመራም አዘዘች። የደም ማነስም የእንቅርት ዕጢ ችግርም እንዲህ ሰውን ያደክማሉ።

ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ነው። ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ ሳትቸኩል ጠየቀችኝ። "አንዳንዴ ባልነቃ እላለሁ" አልኳት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። አልደነገጠችም። ሐሳብ ብቻ ነው ወይስ ያቀድኩት ነገር አለ ብላ አጣራች። ከዚያ እህቴን አስጠራችና ለጊዜው ብቻዬን እንዳላድር ተስማማን። እዚያ ወንበር ላይ ነው ደረቴ ትንሽ የቀለለኝ።

አባቴ በ2010 ሲያርፍ አዝኜ ስለነበር ሐዘንን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። ነገርኳት። እሷም ያኔ እንዴት እንደነበርኩ አንድ በአንድ አስቆጠረችኝ። ለቅሶ ላይ አልቅሻለሁ፣ ድምፄ እስኪዘጋ። ግን ድንኳኑ ውስጥ አጎቴ የአባቴን ጨዋታ ሲያወራ ስቄያለሁም። የእድር ሴቶች ሲያጎርሱኝ በልቻለሁ። ለቅሶው ስሙ ሲነሳ፣ ኮቱን ሳይ ይመጣል፤ ከዚያ ደግሞ ይሄዳል። ለ40ው በርበሬውን ራሴ አዘጋጅቻለሁ። ማዘኔ እኔን ከንቱ ነሽ ብሎኝ አያውቅም። ያጣሁት አባቴን ነው።

አሁን ግን የሞተብኝ የለም። እንባም የለኝም። ልጄ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ ካርዷን ስታሳየኝ ፊቴን ፈገግ አደረግኩት እንጂ ውስጤ ምንም አልመጣም። ከዚያ "ምን ዓይነት እናት ነኝ" ስል አደርኩ። ባለሙያዋ የያዘችው ይሄንን ነው። ቢያንስ 2 ሳምንት፣ በየቀኑ ለማለት በሚቻል መልኩ፣ ከዘጠኙ ምልክቶች አምስትና ከዚያ በላይ ካሉ፣ ከእነሱም አንዱ የመከፋት ስሜት ወይም ደስታ ማጣት ከሆነ፣ ሥራና ቤትን ካሰናከለ፣ ይሄ ድባቴ ነው አለችኝ። በሐዘን ላይም ሊደረብ እንደሚችል ነገረችኝ። ስንፍና አይደለም፣ የእምነት ጉድለትም አይደለም። ጸበል እጠመቃለሁ ስላት "ይቀጥሉ፣ መድኃኒቱን ግን እንዳያቋርጡ" ብቻ ነው ያለችኝ።

ያዘዘችልኝ የድባቴ መድኃኒት ፍሉኦክሴቲን ነው፤ 20 ሚሊግራም፣ ጠዋት ጠዋት። የመጀመሪያው ሳምንት ከበደኝ፤ ያቅለሸልሸኛል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ለውጥ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊፈጅ እንደሚችል ባትነግረኝ ኖሮ በአምስተኛው ቀን እተወው ነበር። ሱስ ይሆናል የሚለውንም ጠየቅኳት። እንደ እንቅልፍ ኪኒን ሱስ አያስይዝም፣ በድንገት ማቆም ግን ያሳምማል፣ ስለዚህ ሲቆምም ቀስ እየተባለ ነው አለችኝ። ከተሻለኝ በኋላም ቢያንስ ዘጠኝ ወር እወስዳለሁ።

አምስተኛው ሳምንት ላይ አብራኝ የምትሠራው ልጅ አዲስ የተፈጨ በርበሬ በእፍኟ አምጥታ አሳየችኝ። አሸተትኩና "ኮረሪማው አንሷል" አልኳት። ቆማ አየችኝ። ከጥቅምት ወዲህ በርበሬ አርሜ አላውቅም ነበር።

የምወቅሰው ይሄ ነው። ኮሪደሩ ላይ ሙሉ ስም እየጮኹ ይጠራሉ፣ "አእምሮ ህክምና" እያሉ ጭምር። አንድ ሰውዬ ስሙ ሲጠራ ሳይነሳ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆይቶ ሲወጣ አይቻለሁ። ቁጥር መጥራት ምን ያስቸግራል? መድኃኒቱ ሁለት ጊዜ ከፋርማሲያቸው ጠፍቶ ውጭ በብዙ እጥፍ ገዝቻለሁ። ከሁሉ የሚከፋኝ ግን የክትትሉ ጊዜ ነው። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ 10 ደቂቃ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ለድባቴ የንግግር ህክምናም እንዳለ ራሷ ነግራኛለች፤ እዚያ ግን ጊዜ ወስዶ የሚሰጥ ሰው የለም። የእሷ ጥፋት አይደለም፣ በር ላይ 50 ሰው ይጠብቃታል።

ያም ሆኖ ሂዱ እላለሁ። ረቡዕ ወረፋው ይቀላል። ከዚህ በፊት የታዘዘላችሁን መድኃኒት ካርቶኑን ያዙ። አንድ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ወረፋውን እሱ ይያዝላችሁ፣ እናንተ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። መስኮቱ ሥር ያለው ፀሐይ ያገኛል።