ማስተርሴን ጎንደር ልማር ያልኩት ለምንድን ነው?

ሰው ሁሉ አዲስ አበባ ሂድ አለኝ። እኔ ግን እዚያው ጎንደር፣ አዘዞ ሰፈር ያደግሁ ነኝና ለኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ ጎንደር ዩኒቨርሲቲን መረጥኩ፤ አልቆጨኝም። በ1947 ዓ.ም. በጤና ትምህርት ስለተጀመረ "እሱ የሐኪም ቤት ነው" ይሉታል። እኔን የሳበኝ ይኸው ነበር፦ ሕመምተኛ በአማርኛ የሚናገረውን ኮምፒውተር እንዲረዳ ማድረግ እፈልጋለሁ። ከባድ ነው። "አልነገርኳቸውም" አንድ ቃል ነው፤ ማን፣ ለማን፣ መቼ፣ አለመሆኑን የሚናገረው አፍራሹም ጭምር ውስጡ ታጭቀዋል። ለእንግሊዝኛ የተሠራ መሣሪያ እዚህ ላይ ይቸገራል።

የቤት ኪራይ የለብኝም፤ ማታ የእናቴን ሽሮ በልቼ ኮድ እጽፋለሁ።

ስሙን የማልጠራው ሌላ ትምህርት ክፍል በመመረቂያ ጽሑፌ ማን እንደሚያማክረኝ ሦስት ጊዜ ጠይቄ መልስ አልሰጠኝም። ከማመልከታችሁ በፊት አማካሪውን አግኙት፤ ምን እንደሚሠራ፣ ስንት ተማሪ እንደያዘ ጠይቁት።