የሞተር ጀልባ የአሉሚኒየም አኖድ ኪት፦ አንድ አመት ከተበላ በኋላ፣ 4 ኮከብ

ይሄን ኪት ከገጠምኩት አንድ አመት ሞላው። ሆን ብዬ ነው የቆየሁት፣ ካርቶኑን ከፍቶ ሳይጨርስ አምስት ኮከብ የሚሰጥ ሰው ያናድደኛል፣ አኖድ ደሞ ካርቶን ውስጥ እያለ ምኑ ይታወቃል፣ የብረት ቁራጭ ነው በቃ፣ ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው ሲያልቅ ነው።

ለማያውቅ ባጭሩ ልበል። አውትቦርድ ሞተር፣ ማለትም ጀልባው ጀርባ ላይ የሚንጠለጠለው፣ ውሃ ውስጥ የሚገባው እግሩ አሉሚኒየም ነው፣ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ ደሞ ስቴንለስ። ሁለት የተለያየ ብረት ተነካክቶ ጨው ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደ ባትሪ ድንጋይ ነው የሚሆነው፣ ከረንት ይሄዳል፣ ከሁለቱ ደካማው እየሟሟ ያልቃል። ደካማው እዚ ጋ የሞተሩ እግር ነው። ስለዚ ከሱም የባሰ ደካማ ብረት ይታሰርለትና በሱ ፈንታ ይበላል፣ አኖድ ማለት ይቺው ናት።

ድሮ የነበረኝ ዚንክ ነው። ከአመት በኋላ ጀልባዋን ከውሃ ሳወጣት አኖዱ አዲስ የመሰለ፣ ጠርዙ እንኳ አልተነካም፣ እኔ ደሞ ደስ ብሎኝ "አቤት ጥንካሬ! ሌላ ሁለት አመት ያስኬደኛል" እያልኩ በሞተር ስራ ላረጀ አንድ ወዳጄ አሳየሁት። ሰውየው ሳቀብኝ። "አኖድ ካልተበላ ሌላ ነገር እየተበላልህ ነው፣ ፈልገው" አለኝ። ፈለግኩት። ከፕሮፔለሩ ከፍ ብሎ ያለው ቀለም እንደ ቃጠሎ ውሃ ቋጥሯል፣ በጥፍሬ ስነካው ቅርፍ አለ፣ ከስሩ ነጭ ዱቄት፣ ዱቄቱን ስጠርገው ደሞ የሚስማር ራስ የምታክል ጉድጓድ። እንደሷ ያሉ ስድስት ቆጠርኩ።

ጥፋቱ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ከዛ በፊት ሰርቪስ ያደረገልኝ መካኒክ (ስሙን ተዉት) ሞተሩን አሳምራለሁ ብሎ አኖዱ የሚቀመጥበትን ቦታም አብሮ ቀብቶታል። ቀለም ላይ የተቀመጠ አኖድ ከሞተሩ ጋ በቡሎኗ ብቻ ነው የሚገናኘው፣ ቡሎኗ ደሞ በነጭ ዝቃጭ ታፍና ነበር፣ እና አኖዱ ጌጥ ሆኖ ከረመ። ሁለተኛው የኔ ነው፣ ጀልባዋ የአመቱን ግማሽ የምትቆመው ወንዝ ባህር የሚገባበት ጋ ነው፣ ጨው አነስ ይላል፣ ዚንክ ደሞ እንደዛ አይነት ውሃ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ያወጣና ይተኛል፣ ወደ ጨው ውሃ ብትመልሱት እንኳ ቅርፊቱ ካልተፋቀ አይነቃም።

አሉሚኒየም የመረጥኩት ለዛ ነው፣ ጨው ውሃም ድብልቁም ላይ ይሰራል። በባህር ውሃ ሲለካ ዚንክ ኔጌቲቭ 1.03 ቮልት ገደማ ነው፣ የአኖድ አሉሚኒየም ኔጌቲቭ 1.10 ገደማ፣ ማግኒዥየም ደሞ ኔጌቲቭ 1.5 አካባቢ ይደርሳል። ኔጌቲቩ የበዛው ነው ቀድሞ የሚበላው፣ ግን የበዛ ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም፣ ማግኒዥየም ጨው ለሌለው ውሃ ነው የተሰራው፣ ባህር ላይ ከተጠቀማችሁበት ራሱም በአጭር ጊዜ ያልቃል፣ ጭራሽ የሞተሩን ቀለም ከአሉሚኒየሙ ላይ ያስለቅቀዋል። ከመጠን በላይ መጠበቅ የሚባል ነገር አለ። እንዲያውም ነገሩ ድሮም የታወቀ ነው፣ በ1824 ሀምፍሪ ዴቪ የሚባለው እንግሊዛዊ ኬሚስት የእንግሊዝ ባህር ሀይል መርከቦች ስራቸው ላይ የተለበጠው መዳብ እንዳይበላ ዚንክና ብረት አሰረለት፣ መዳቡ ዳነ፣ ግን መዳቡ እየሟሟ ነበር ለካ ቀንድ አውጣውንና አልጌውን የሚያባርረው፣ መርከቦቹ ስራቸው ሁሉ ዛጎል ለብሶ ፍጥነታቸው ወረደ፣ ስራው በትክክል ሰርቶ ተተወ። እኔ ይሄን ታሪክ በጣም ነው የምወደው።

ወደ ኪቱ። አምስት ቁራጭ ነው፣ ከፕሮፔለሩ በላይ የሚገባው የአሳ ክንፍ የሚመስለው ትልቁ፣ ሞተሩ የሚታሰርበት ብራኬት ስር የሚገባ ዱላ ቢጤ፣ እና ሶስት ትንንሽ የሞተሩ ሆድ ውስጥ የሚገቡ። ስታነሱት ቅልል ስለሚል ፎርጅድ ይመስላል፣ አይደለም፣ አሉሚኒየም ከዚንክ ከግማሽ በታች ነው ክብደቱ፣ በኪሎ ሲሰላ ግን የሚሰጠው ከረንት ከዚንክ ከሶስት እጥፍ ይበልጣል። ማሸጊያው ላይ የአሜሪካ ጦር ስታንዳርድ 24779 የሚል አለው፣ እሱን ፈልጉ፣ ምክንያቱም ተራ አሉሚኒየም አኖድ አይሆንም፣ አየርና ውሃ ሲነካው ራሱን በስስ ሽፋን ይሸፍንና አርፎ ይቀመጣል። የአኖዱ 5 ፐርሰንት ገደማ ዚንክ እና በጣም ትንሽ ኢንዲየም ይገባበታል፣ ያቺ ቅንጣት ኢንዲየም ናት ሽፋኑን የምትከለክለው። ስለዚ "ከቁርጥራጭ ላሜራ ቆርጬ እሰራለሁ" የምትሉ ሰዎች ተዉት።

ሌላ የወደድኩት መሀሉ ላይ ብረት አብሮ ተቀልጦ ገብቶበታል። ርካሾቹ ይሄ የላቸውም፣ ቡሎኗ ዙሪያ ያለው ቶሎ ይበላና አኖዱ ገና ግማሽ ሳይሆን ላልቶ ውሃ ውስጥ ይወድቃል፣ እናንተ ደሞ አለ ብላችሁ ትነዳላችሁ።

አሁን ወደ መከራው። የድሮዎቹ ቡሎኖች አልፈታ አሉ፣ ስቴንለስ ቡሎን አሉሚኒየም ውስጥ አመታት ከቆየ እንደተበየደ ነው። ሁለት ቀን ዘይት እየረጨሁ አሳደርኩት፣ ከዛ በሙቅ አየር አሞቅኩት፣ ሶስቱ ወጡ፣ አራተኛዋን ሀይል ጨምሬ ስታገል ቀጭ አለችና ራሷ እጄ ላይ ቀረ። ያን ቀን ጀልባ የሚባል ነገር ልሸጥ ነበር። ቀሪውን በድሪል በስቼ አወጣሁት፣ ጥርሱን በማውጫ አስተካከልኩ፣ ግማሽ ቀን ሄደ። እና ምክሬ፣ ባይበላም በየአመቱ ቡሎኑን ፈታ አድርጋችሁ ጥርሱ ላይ ግሪስ ቀብታችሁ መልሱ፣ ጥርሱ ላይ ብቻ፣ አኖዱ የሚነካበት ቦታ ላይ ግን ግሪስም ሲሊኮንም ቀለምም ዝር እንዳይል። አኖዱን ራሱንማ መቀባት ጭራሽ አይታሰብም። ደሞ ክንፉን ከመፍታታችሁ በፊት የተቀመጠበትን አቅጣጫ በማርከር ምልክት አድርጉ፣ መሪው ወደ አንድ ጎን እንዳይጎትት የሚያስተካክለው እሱ ነው፣ እኔ ረስቼ ነበር፣ መጀመሪያ ስወጣ መሪው ወደ ግራ ሲታገለኝ ዋለ።

መቀመጫውን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብለጨልጭ ፍቁት። ካሰራችሁት በኋላ ቴስተር ኦም ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ አኖዱ ላይ ሌላውን የሞተሩ ባዶ ብረት ላይ አስነኩ፣ ከ1 ኦም በታች መሆን አለበት። የኔ መጀመሪያ 40 አለኝ፣ በአይን ሳየው ንጹህ ነበር እኮ! ፈትቼ ድጋሚ ፍቄ 0.3 ገባ። ይቺን የሁለት ደቂቃ ስራ የኪቱ መመሪያ ወረቀት አንድ ቃል አይላትም፣ ስለ ዋስትናው ግን አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈዋል።

የውስጦቹ ሌላ ጣጣ ናቸው። በትንሽ ክዳን ስር ነው ያሉት፣ የድሮዎቹ ሳወጣቸው ተፈረካከሱ፣ ፍርክስካሹ ማቀዝቀዣው ውሃ በሚያልፍበት ቀዳዳ ከገባ ሞተሩ ይግላል፣ ስለዚ አንድም ሳትቀር ልቀሙ። ሞተራችሁ ጀልባው ሆድ ውስጥ ያለው አይነት ከሆነ ደሞ አኖዱ ቅርጹ እንደ መጻፊያ እርሳስ ነው፣ ናስ ቡሽ ላይ ተጠምዝዞ ሙቀት መለዋወጫው ውስጥ የሚገባ፣ የባህር ውሃ መዝጊያውን ሳትዘጉ እንዳትፈቱት፣ ጥርሱ ላይም ቴፍሎን አትጠምጥሙ፣ ግንኙነቱን ይቆርጣል። ኮከቧን የቀነስኩት እዚ ጋ ነው፣ ለክዳኖቹ ኦሪንግ፣ ማለትም ውሃ እንዳያፈስ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት፣ አብሮ አልመጣም። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ኦሪንግ መቀየር አለበት፣ አሮጌው ጠፍጥፎ ነው የሚወጣው፣ ይሄንን አኖድ የሚሰራ ድርጅት አያውቅም? ሞተሩ ተከፍቶ አራት ቀን ኦሪንግ ስጠብቅ ከረምኩ።

ከአመት በኋላ ባለፈው ሳምንት አወጣኋት። ክንፉ አርባ ፐርሰንት ገደማ ሄዷል፣ ፊቱ እንደ ስፖንጅ ሻክሯል፣ እንደዛ ሲሆን ነው ደስ የሚለው። የብራኬቱ ዱላ ግማሹ አልቋል፣ ግማሽ ሲደርስ ይቀየራል ስለሚባል ቀየርኩት። እሱ ቶሎ የሄደው ሞተሩን ሳነሳው ውሃ ውስጥ የሚቀረው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው መሰለኝ። የድሮዎቹ ስድስት ጉድጓዶች ሞልቼ ቀብቻቸው ነበር፣ ሰባተኛ አልጨመረም።

አንድ ሰው ይሄንኑ ኪት "በሶስት ሳምንት አለቀብኝ" ብሎ ሲያማርር ሰምቻለሁ። በሶስት ሳምንት ካለቀ ኪቱን ከመስደባችሁ በፊት ኤሌክትሪኩን እዩ። ወደብ ላይ ቆማችሁ የየብስ መብራት ስትሰኩ የምድር ሽቦው ከጎናችሁ ካለው ጀልባ ጋ ያገናኛችኋል፣ የሱ አኖድ ካለቀ የናንተው ለሁለታችሁም ይበላል ማለት ነው። ጋልቫኒክ አይሶሌተር የሚባል እቃ አለ፣ ያንን መንገድ የሚዘጋ። ወይ ደሞ ከባትሪያችሁ የሚያፈስ ሽቦ አለ፣ የባትሪ ከረንት ሲያፈስ አኖዱን ጨርሶ ወደ ሞተሩ ለመግባት ቀናት ይበቁታል። ሌላው፣ ዚንክና አሉሚኒየም አታደባልቁ፣ አንዱን ስትቀይሩ ሁሉንም ቀይሩ፣ አለዛ አሉሚኒየሙ ሞተሩን ትቶ ለዚንኩ ሲሞት ይከርማል።

ጀልባችሁ ሀይቅ ወይ ወንዝ ላይ ብቻ ከሆነ ይሄ ኪት የናንተ አይደለም፣ ማግኒዥየሙን ውሰዱ። ባህር ወይ ድብልቅ ውሃ ላይ ላላችሁ ግዙት፣ እኔ ሁለተኛውን ገዝቻለሁ፣ ዘንድሮ ግን ኦሪንጉን ቀድሜ ነው ያዘዝኩት።